ባለአደራው ማን ነው? የወቅፍ ጠባቂነትና የአስተዳደር ቦርድ ታሪክ



 

ስለ ሰላት፣ ስለ ዘካና ስለ ጾም በሚንበር ላይ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ኢንሻአላህ ይባላል። በተለምዶ «ኮሚቴ» የምንላቸው፣ በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ደግሞ «ቦርድ» ወይም «ባለአደራ» የሚባሉት ሰዎች ከየት እንደመጡና ሥራቸው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም። አብዛኞቻችን ኮሚቴ መኖሩ ትዝ የሚለን ጣሪያው ሲያፈስ፣ የመብራት ሒሳብ ሲቆለል ወይም ጭቅጭቅ ሲነሳ ነው። ይህ የመታሰቢያ መጽሔት ኮሚቴውን ለማመስገን የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ምስጋናችን ከንቱ ውዳሴ ሆኖ እንዳይቀር የሥራውን ታሪክ አብረን ብንመለከት ይበጃል በማለት ይህችን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ንብረት ሲነካ ባለቤቱ ይጮኻል። ለአላህ ተብሎ የተሰጠ ንብረት ግን አፍ የለውም። የሰጠው ሰው ወደ አኼራ ሄዷል። የሚጠቀምበት ደግሞ ወይ ድሃ ነው፣ ወይ መንገደኛ ነው፣ ወይ ገና ያልተወለደ ልጅ ነው። ስለዚህ በመካከል ቆመው የሟቹን ቃል የሚያስታውሱ፣ ላልተወለደውም የሚከራከሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ቦርድ ማለት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በመሆኑም ቦርድ ባለቤት አይደለም፤ ጠባቂ ነው። ጠባቂው «ባለቤት ነኝ» ያለ ቀን፣ ወይም ጠባቂውን የሚጠይቅ የጠፋ ቀን ንብረቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚህ በታች የማነሳው ታሪክ ሁሉ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

የኸይበሩ መሬት

ወደ መነሻው እንመለስ። ኸይበር በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተከፈተች በኋላ ሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በዚያ መሬት ደረሳቸው። ከዚያ በፊት ይህን የመሰለ ውድ ንብረት አግኝተው አያውቁም ነበርና ምን እንደሚያደርጉበት ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ረሱልም ዋናው ንብረት ተይዞ ፍሬው ሰደቃ እንዲሆን መከሯቸው። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ፣ እንዳይወረስም አደረጉ። ፍሬው ለድሆች፣ ለቅርብ ዘመድ፣ ባሪያን ነጻ ለማውጣት፣ በአላህ መንገድ ለሚደረግ ወጪ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ እንዲውል ወሰኑ። ዑለማእ ስለ ወቅፍ ሲናገሩ ይህንን ታሪክ እንደ ምሰሶ ይቆጥሩታል።

ብዙ ጊዜ ይህንን የምናነሳው ስለ ሰደቃ ምንዳ ስንሰብክ ነው። እኔ ግን አሁን ሌላውን ገጽታ እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ዑመር ነገሩን በቃል ብቻ አልተዉትም፤ በጽሑፍ አሰፈሩት። በጽሑፉም ከእርሳቸው በኋላ የመሬቱ ኃላፊ ልጃቸው ሐፍሳ (ረ.ዐ.) እንዲሆኑ፣ ከሐፍሳም በኋላ ከቤተሰቡ አስተዋይ የሆነ ሰው እንዲረከብ ገለጹ። ኃላፊ የሆነው ሰው ከፍሬው በአግባቡ ቢበላ ነውር እንደሌለበት፣ ነገር ግን ሀብት ሊያካብትበት እንደማይገባ ወሰን አበጁ።

እንግዲህ ልብ በሉ! በዚህ አንድ ውሳኔ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው የታወቀ ኃላፊ፣ ተተኪው ጭምር የተወሰነለት ኃላፊ ነው። ሦስተኛው ለኃላፊው ጥቅም የተበጀው ልክ ነው። ኃላፊዋም ሴት ነበሩ፤ የምእመናን እናት ሐፍሳ። በኮሚቴ ጉዳይ እህቶቻችንን ስናገል ይህንን ብናስታውስ መልካም ነው።

የግብጹ ቃዲ

ጊዜው ሄደ፤ ወቅፍም በየአገሩ በዛ። የሰጪው ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ወይም ሰጪው ያመናቸው ሰዎች ንብረቱን ይዘው ያስተዳድሩ ነበር። ይሁንና ትውልድ በተለዋወጠ ቁጥር የወቅፉ መሬት ከውርሱ መሬት ጋር መደባለቅ ጀመረ። በ118 ዓመተ ሂጅራ (736 እ.ኤ.አ.) በግብጽ ቃዲ የነበሩት ተውባ ኢብኑ ነሚር ይህንን አዩ። የእነዚህ ሰደቃዎች መጨረሻ ወደ ድሆችና ወደ ምስኪኖች ነውና እንዳይጠፉና እንዳይወረሱ እጄን ላሳርፍባቸው ይገባል በሚል ሐሳብ ወቅፎቹን በመዝገብ አሰፍረው በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ ናዚር ወይም ሙተወሊ የሚባለው ጠባቂ ራሱ ጠያቂ ያለው ሆነ። በዑመር ጽሑፍ ላይ አራተኛው ነገር ተጨመረ ማለት ነው፤ እርሱም ቁጥጥር ነው።

ቁጥጥር ሲባል ግን ሁሉን ነገር ለመንግሥት ማስረከብ ማለት አይደለም። በ1826 እ.ኤ.አ. የኦቶማን መንግሥት የወቅፍ ሚኒስቴር አቋቁሞ በየአገሩ ተበታትነው የነበሩትን ታላላቅ ወቅፎች ወደ ማዕከል ሰበሰበ። ዓላማው ሥርዓት ማስያዝ ነበር ይባል እንጂ ገቢው በመንግሥት ግምጃ ቤት በኩል ሲያልፍ ለሌላ ወጪም መዋል ጀመረ፤ በሩቅ ያለው መስጊድም የራሱን ገቢ በልመና የሚጠብቅ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ወቅፍ በሁለት በኩል ሊጠፋ እንደሚችል ነው። አንደኛው የማይጠየቅ ግለሰብ እጅ ላይ ሲወድቅ ነው። ሁለተኛው ጀመዓው በማይደርስበት ሩቅ ቢሮ ሲያዝ ነው። መካከለኛው መንገድ በጀመዓው የተመረጠ፣ በሕግ የታወቀና በየጊዜው ሒሳቡን የሚያሳይ ቦርድ ነው።

በአገራችን የነበረው ልማድ

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የዲን ትምህርት ለዘመናት የቆየው በመንግሥት በጀት ሳይሆን በምእመናን እጅ ነው። በወሎ ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥን የመሳሰሉ የዕውቀት ማዕከሎች ደረሳውን ያኖሩት ሕዝቡ ባመጣው እህል፣ ከብትና ጉልበት ነበር። በነዚህና በመሳሰሉት ሐሪማዎች ኪታብ ተገልብጧል፤ መንዙማ ተደርሷል፤ እንደ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዓሊሞችም አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ጽፈው ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ አስተምረዋል። በዚያ ሥርዓት ጠባቂው ሸኹ፣ ከሸኹም በኋላ ልጃቸው ወይም ኸሊፋቸው ነው። አላህን የሚፈራ ተተኪ ሲገኝ ሥርዓቱ ያምራል። ተተኪው ሲሳሳት ወይም ወራሾች ሲጣሉ ግን ኪታቡ ለየቤቱ ይከፋፈላል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ አለዚያም ለነጋዴ ይሸጣል። እንግዲህ ቦርድ የሚጠብቀው መሬትና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የአባቶች ዕውቀትና ባህልም ጭምር ነው።

በሐረር ደግሞ አፎቻ የሚባለው ማኅበር አለ። ወንዶችም ሴቶችም በየራሳቸው አፎቻ ተደራጅተው በሠርግና በሐዘን ይረዳዳሉ። እኛም እድር እናውቃለን። በእድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን፤ ትንሽ ብር ብትጎድል እንኳ ተነስተን እንጠይቃለን። መስጊድ ስንገባ ግን ይሉኝታ ይይዘናል፤ «የአላህን ቤት ገንዘብ እንዴት እጠይቃለሁ?» እንላለን። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። የእድሩ ገንዘብ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ እኛው ነን። የመስጊዱ ገንዘብ ግን ጠያቂ የሚያሻው ባለቤቱ ስለማይናገር ነው።

ሕግና ወቅፍ በኢትዮጵያ

በአገራችን ሕግ ውስጥ «ወቅፍ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62 ለእስላም ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲሰጥ ከጋብቻ፣ ከፍቺና ከውርስ ጋር የወቅፍን ጉዳይ ጨምሯል፤ ሰጪው ሙስሊም እስከሆነ ድረስ። ከዘመናት በኋላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ይህንኑ ሥልጣን አጽንቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በበኩሉ ስለ ማኅበራት፣ ለጠቅላላ ጥቅም ለዘለቄታው ስለተመደበ ንብረትና በባለአደራ ስለሚተዳደር ንብረት ደንግጓል። ከእነዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ ከወቅፍ ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው ሐሳቦች ናቸው።

ሕግ መኖሩ ግን ብቻውን አልበቃም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና ከእነርሱ ጋር የቆሙ ሌሎች ወገኖች ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ሲያደርጉ፣ ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች መካከል ሙስሊሙ የራሱ ድርጅት እንዲኖረው የሚለው ይገኝበታል። የበዓላት ቀን ጥያቄ በዚያው ዘመን መልስ አገኘ። የንብረት ነገር ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛና ለብዙ ተከራይ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይሁንና በኪራይ ቤት ገቢ ይደጎሙ የነበሩ የሃይማኖት ተቋሞች ያንን ገቢ አጡ። መስጊድም ከዚያ በኋላ ኑሮው በጁምዓ ሳጥንና በረመዳን መዋጮ ላይ ብቻ ተንጠለጠለ።

በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ በተለምዶ መጅሊስ የምንለው፣ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር በአንዋር መስጊድ ኢማምነታቸውና በቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ሥራቸው የሚታወቁት ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። ይሁን እንጂ መጅሊሱ ራሱን በቻለ አዋጅ የሕግ ሰውነት ሳያገኝ ከ40 ዓመት በላይ ቆየ። መሪዎቹ በማን፣ እንዴትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመረጡ በግልጽ ሥርዓት ሳይጸና በመቅረቱም ጥላቻና ጠብ ገባ። የካቲት 14 ቀን 1987 ዓ.ም. በአንዋር መስጊድ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት የጠፋበት አሳዛኝ ቀን ነው። በአላህ ቤት ውስጥ! መነሻውም ማን ይምራን፣ ማን ያስተዳድረን የሚለው ውዝግብ ነበር። የአስተዳደር ጥያቄ ተራ የወረቀት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ካለ ይህንን ቀን ያስታውስ።

የአወሊያ ጥያቄ

አሁን ለርእሳችን ዋና ወደሆነው ታሪክ ደረስን። በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው አወሊያ የሙስሊም ልጆች ዓለማዊውንም ዲናዊውንም ትምህርት አንድ ላይ የሚቀስሙበት ተቋም ሆኖ ኖሯል። ለዓመታት መቀመጫውን በሳዑዲ ዓረቢያ ባደረገ ዓለም አቀፍ ኢስላማዊ የእርዳታ ድርጅት ሲተዳደር ከቆየ በኋላ አስተዳደሩ ወደ መጅሊሱ ተላለፈ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የዓረብኛ መምህራን ከሥራ ሲሰናበቱ ተማሪዎቹ ተቃውሞ አሰሙ። ተቃውሞው በጥር ወር ከግቢው ወጥቶ የመላ አገሪቱ ሙስሊም ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ። የመጅሊስ መሪዎች ሕዝቡ በመረጣቸው እንዲተኩ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ እንዳይሰጥ፣ አወሊያም በገለልተኛ ቦርድ እንዲተዳደር። ሦስተኛውን እስቲ ደግማችሁ አስቡት። በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በየጁምዓው ሲሰበሰብ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ አንድ የትምህርትና የበጎ አድራጎት ተቋም የአስተዳደር ቦርድ ነበር! ሕዝቡ ተቋሙ የእኔ ወይም የእገሌ ይሁን አላለም። የውጭ ድርጅትም፣ መንግሥትም፣ በወቅቱ የነበረው መጅሊስም ብቻውን እንዳያዝበት፣ ጀመዓው ያመናቸው ሰዎች ይጠብቁት አለ። ከኸይበሩ መሬትና ከግብጹ ቃዲ ጋር ስናያይዘው ጥያቄው አዲስ ፈሊጥ አልነበረም፤ የጥንቱ የናዚርነት ጥያቄ ነበር።

ጥያቄውን ለመንግሥት እንዲያቀርቡ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። በመስከረም 2005 ዓ.ም. መጨረሻ ሕዝቡ በመስጊድ ይሁን ያለው የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ተካሄደ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኮሚቴውን አባላት ጨምሮ 18 ሰዎች በፀረ ሽብር ሕግ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከፊሎቹ ቀደም ብለው፣ የቀሩት በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። ከዚያም ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. የተለያየ አመለካከት የነበራቸው ዑለማእ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ጊዜያዊ የዑለማእ ጉባኤና የሥራ አመራር ቦርድ ሰየሙ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ለጠቅላይ ምክር ቤቱ የሕግ ሰውነት የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 1207 ጸደቀ።

ይህን ታሪክ የማነሳው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከሁሉም ወገን የተጎዱ አሉ፤ አላህ ለሁላችንም ይማረን። የማነሳው በግልጽ ያልተወሰነ አስተዳደር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ነው። በሕግ የተጻፈ፣ ሕዝብ የመረጠው ቦርድ ከመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ስንት እናት ከእንባ በተረፈች ነበር።

በዚሁ በ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 621 ተክቷል። አዋጁ «በቦርድ የሚመራ ድርጅት» ብሎ የሰየመው ዓይነት አለ፤ በእርሱ ውስጥ የበላይ አካል ቦርዱ ነው። ለበጎ ሥራ ተለይቶ የተቀመጠ ንብረትንና በባለአደራ የሚጠበቅ ንብረትንም ለይቶ ያውቃል። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ደንግጓል። አዋጁ መስጊድን እንደ መስጊድ አይመለከትም፤ የሃይማኖት ተቋም ለበጎ አድራጎት የሚያቋቁመውን ድርጅት ግን ይመለከታል። እንግዲህ ነገ መድረሳችንን፣ የየቲሞች መርጃችንን ወይም የኪታብ ቤታችንን በራሱ ድርጅትነት እናቋቁም ብንል መንገዱ ይህ ነው። ስለ 20 በመቶው ስታነቡም ዑመር ለኃላፊው ያበጁትን ልክ አስታውሱ፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ከገላን ሆነን ስናየው

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ገላን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናት። ጀመዓችን ከወሎም፣ ከስልጤም፣ ከጉራጌም፣ ከጅማም፣ ከአርሲም፣ ከሐረርጌም በሥራ የመጣ ሰው የተሰባሰበበት ነው። በአንድ መንደር አብሮ ያደገ ሕዝብ «የእገሌ አባት የሰጡት ቦታ ነው» ብሎ በትዝታ ንብረቱን ሊጠብቅ ይችል ይሆናል። እኛ ግን ያ የጋራ ትዝታ የለንም። ሰው ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። የእኛ ትዝታ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ነገር መሬት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የሕዝብና የመንግሥት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለሆነም በአገራችን አንድ ሰው ለመስጊድ የሚሰጠው ግንባታውንና የመጠቀም መብቱን ነው። ይህ መብት ደግሞ የሚኖረው በወረቀት ነው፤ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ በግንባታ ፈቃድ፣ በስጦታ ውል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና የኛዋ ገላን በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ሕገ ወጥ ግንባታ በሚል መስጊዶችም እንደፈረሱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ቀን በአንዋር መስጊድ አካባቢ በተነሳው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አላህ ይማራቸው። ወረቀት ያለው ሁሉ ከችግር ይድናል ብዬ አልከራከርም። ወረቀት የሌለው ግን ፍርድ ቤት ቢቆምም፣ መጅሊስ ቢሄድም የሚናገርበት አንደበት የለውም። ያንን አንደበት የሚያዘጋጀው ኮሚቴው ነው፤ ሥራውም የሚሠራው መፍረስ ሲመጣ ሳይሆን ሰላም በሆነ ጊዜ ነው።

በአንድ ስሙን በማልጠቅሰው ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ደግ እናት ከግቢያቸው ከፍለው ለመስጊድ ሰጡ። ሰው ሁሉ መረቃቸው፤ የጻፈ ግን አልነበረም። እርሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ «እናታችን ሰጥተዋል» አለ፣ ግማሹ «አላየንም» አለ። ከምስክሮቹ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው አገር ለቋል። ለሰባት ወር ሰጋጁ በተዘጋ በር ፊት ሰገደ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በእርቅ አለቀ፤ ሆኖም እርቁ የወንድማማቾቹን ልብ አልጠገነም። የእናታቸው ሰደቃ ለልጆቻቸው የጠብ ምክንያት ሆኖ ቀረ። አንድ ገጽ ጽሑፍና ሦስት ፊርማ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

የኮሚቴው ሥራ፣ የጀመዓውም ሥራ

ከታሪኩ ያገኘነውን ወደ ሥራ ስንመልሰው የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ የሰጪን ቃል መጻፍ። ምንጣፍም ይሁን ኪታብ፣ ቤትም ይሁን የውሃ ጋን፣ ማን እንደሰጠው፣ ለምን ዓላማ እንደሰጠውና መቼ እንደሰጠው በመዝገብ ይስፈር። ለየቲም የተሰጠ ለቀለም መግዣ አይዋል። የሰጪ ዓላማ ሊለወጥ የሚገባው ዑለማእ ተጠይቀው፣ በቃለ ጉባኤም ተይዞ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራን መለየት። ገንዘብ የሚቀበል፣ ገንዘብ የሚመዘግብና ወጪ የሚያዝ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሳጥን ሲከፈት ቢያንስ ሦስት ሰው ይገኝ፤ ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ ይቆረጥ። ይህ አንድን ሰው በመጠርጠር አይደለም። ታማኙን ሰው ከሐሜት የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ኢማምና ኮሚቴ ድንበራቸውን ማወቅ። ኢማም ሰላትን ይመራል፣ ያስተምራል፣ ስለ ሐላልና ሐራም ያሳስባል። ቁልፍና ገንዘብ ግን የኮሚቴው ነው። እኔ ኢማም ሆኜ ይህንን ስጽፍ ሥልጣን ስለበዛብኝ አይደለም። ኢማም ገንዘብ ከያዘ ከኋላው የሚሰግደው ሰው ስለ ገንዘብ እያሰበ ይሰግዳል። ኮሚቴም በሚንበር ላይ ከገባ ኹጥባ የቡድን ወሬ ይሆናል።

አራተኛ፣ ዝምድናን ማራቅ። ወንድማማቾች በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ሲሆኑ ሁለቱም ቅን ቢሆኑ እንኳ ሰው አያምንም። ለመስጊድ ግንባታ ከኮሚቴ አባል ሱቅ ሲሚንቶ የሚገዛ ከሆነም ያ አባል ከውሳኔው ይውጣ፤ መውጣቱም ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ዘመን ያለው ኃላፊነትና ያማረ ርክክብ። የኮሚቴ አባልነት የዕድሜ ልክ ሹመት አይደለም። ዑመር ለመሬታቸው ተተኪውን ጭምር የወሰኑት ለዚህ ነው። ዘመኑን የጨረሰ ቁልፉን፣ መዝገቡን፣ ካርታውንና የባንክ ደብተሩን በጀመዓው ፊት ቆጥሮ ያስረክብ። በቤቱ ሳጥን ውስጥ የመስጊድ ሰነድ የያዘ አባል ካለ ነገ ሳይል ይመልስ፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥምና።

ስድስተኛ፣ ሒሳብን ማሳየት። በዓመት አንድ ጊዜ ከረመዳን በፊት ገቢና ወጪ በመስጊድ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሒሳብ አዋቂ ይመርምረው። በጀመዓችን የሒሳብ ትምህርት የተማሩ ወጣቶችና እህቶች ሞልተዋል፤ ይህ የእነርሱ ሰደቃ ይሁን።

የጀመዓውም ድርሻ አለ። ኮሚቴ በነጻ የሚያገለግል ሰው ነው፤ ከልጁና ከሥራው ሰዓት ቀንሶ ነው። በጉባኤ ቀን ቤቱ ተቀምጦ፣ ኋላ በሻይ ቤት ኮሚቴውን የሚያማ ሰው አደራውን በልቷል። መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችን ነው፤ ጥያቄው ግን በጉባኤ፣ በአደብና በማስረጃ ይሁን። ሲሠሩ እናመስግን፤ ሲደክሙ እንተካ።

በመጨረሻም፣ ይህ መጽሔት የሚያስታውሳቸውን አባቶችና እናቶች ላመስግን። በድንጋይ ተሸካሚነት የጀመሩ፣ ከደሞዛቸው ቀንሰው ቆርቆሮ የገዙ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለፊርማ የተንከራተቱ አሉ። ከእነርሱ ከፊሉ ዛሬ በመካከላችን የሉም። ያስረከቡንን ግን ያስረከቡት ለእኛ ብቻ አይደለም። ከእኛ በኋላ በዚህ ቦታ ግንባሩን መሬት ላይ ለሚያሳርፍ፣ ስሙን ለማናውቀው ልጅ ጭምር ነው። ያ ልጅ አድጎ መዝገቡን ሲገልጥ ሁሉ ነገር በቦታው ተጽፎ ካገኘው ለእኛም ለእነርሱም ዱዓ ያደርጋል።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን፤ ያለፉትን ይማርልን። አሚን።